አረንጓዴ ፓርቲ ቢቋቋም ወጣቱ ምን ሊሆን ነው?

ባለፈው ሰሞን በማደሪያችን አንድ ወረቀት ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር ሰነበተ። ባለ ሁለት ገጽ ነው። በአናቱ ላይ ቅጠል ተሥሎበታል፤ ከቅጠሉም ሥር ለአካባቢ ጥበቃ የቆመ የፖለቲካ ፓርቲ በአገራችን እንዲመሠረት፣ ተማሪውም የዚህ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ሆኖ ከወዲሁ እንዲደራጅ የሚያሳስብ ጽሑፍ አለ። በመጨረሻ ስም፣ የትምህርት ክፍልና ፊርማ የሚሰፍርባቸው ሠላሳ መስመሮች ተሠምረዋል። ወረቀቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሠላሳው አሥራ አንዱ ተሞልቶ ነበር። እኛ አልፈረምንም። ያልፈረሙት ፈርተው ነው፣ ወይም ነገሩን ንቀው ነው የሚሉ ጓደኞች ስላሉ፣ ምክንያታችንን በዚህ መጽሔት ላይ ማስፈር ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። ወረቀቱን ያዘጋጁት ወንድሞችና እኅቶች የጊዜውን ችግር አይተዋል። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ቁልቁል ወደ ዐባይ በረሃ የተመለከተ ሰው፣ አፈሩ ታጥቦ አጥንቱ የቀረ ተዳፋት ለማየት መነጽር አያስፈልገውም። በክረምት ከቦረና፣ ከወግዲና ከሳይንት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ተሸክሞ ዐባይን ይቀላቀላል፤ ዐባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቅ ግድብ ይዞት ይሄዳል። የግድቡ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ከውሃው ጋር የማን ማሳ አብሮ እንደሚገባ ግን በስብሰባ ላይ ሲነሣ አልሰማንም። እንግዲህ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሚሟገት ፓርቲ ይኑር ማለት ተገቢ ነው። በአገራችን የምርጫ ታሪክ በአካባቢ ጥበቃ ስም ተወዳድሮ የምክር ቤት ወንበር ያገኘ ፓርቲ የለም።

ተከራካሪ ሰው አጥተን ግን አናውቅም። ነፍሳቸውን ይማረውና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካ ተደራዳሪዎችን እየመሩ በተከራከሩበት ድርድር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የካርታኼና ፕሮቶኮል ጸድቆ፣ አገሮች ባሕርያቸው በላቦራቶሪ የተለወጡ ዘሮች በግዴታ እንዳይገቡባቸው የሚከላከሉበት ሕግ አገኙ። በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። እኒህ ሰው ስለ ገበሬው ዘር ያን ሁሉ ክርክር ያደረጉት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሆነው ነው። ከኋላቸው የቆመ ፓርቲ አልነበረም፤ የወጣት ክንፍማ ከየት ይመጣል!

ስለዚህ በፓርቲው አሳብ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ከሁለተኛው ገጽ ጋር ነው። ርእሱ «የወጣቶች ክንፍ ተግባር» ይላል። ከሥሩ የተደረደሩትን ግሦች አንድ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ጓደኛችን በቀይ እስክሪብቶ አሠመረባቸው፦ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፣ ያጸዳል፣ ያስተባብራል፣ ይቀሰቅሳል፣ ያስረዳል። ይጠይቃል የሚል አጣን። ይቃወማል የሚልማ እንዴት ይገኛል? የወጣቱ መሪ በማን እንደሚመረጥ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ፓርቲው አንድ ነገር ወስኖ ወጣቱ ሌላ ቢያስብ ምን እንደሚሆን አንድ መስመር አልተጻፈም። በአጭሩ ፓርቲው ራስ ነው፤ ወጣቱ እጅ ነው። እጁም አካፋ እንዲይዝ እንጂ በስብሰባ መካከል እንዲነሣ የታሰበ አይመስልም።

ይህን ዓይነቱን እጅነት አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ በአጠራሩ አኢወማ፣ ከከተማ ቀበሌ እስከ ገበሬ ማኅበር የወረደ ድርጅት ነበረ። በዚያ ዘመን በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተሠርቷል፤ ተራራ ተከልሎ ችግኝ ተተክሏል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ገበሬው ግማሹን በእርዳታ እህልና ዘይት፣ ግማሹን በትእዛዝ ሠርቶታል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግን በብዙ ስፍራ ሕዝቡ በመንግሥት ስም የተተከለውን ዛፍ ጨፈጨፈው፤ እርከኑንም በየቦታው አፈረሰው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ዛፍ ጠልተው አይደለም። ዛፉ የማን እንደሆነ ስላልተነገራቸው ነው፤ ወይም የማን እንደሆነ በሚገባ ስለገባቸው። በዚያ ሰዓት አኢወማ የት ነበር? ከደርግ ጋር አብሮ ወድቆ ነበር። በእግሩ ያልቆመ ድርጅት ከተደገፈበት ጋር መውደቁ ምን ይገርማል?

ከዚያ ወዲህ የኢሕአዴግ የወጣቶች ሊግ መጣ፤ ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. በብልጽግና ሲተካ ሊጉም በአዲሱ ቤት ስም ቀጠለ። ሊግ ተሰብስቦ የፓርቲውን አንድ ውሳኔ አስቀየረ ሲባል ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ እኛ ብዙዎቻችን ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበርን። ጉድጓድ ቆፍረናል፤ ችግኝ ተሸክመናል፤ ፎቶግራፍም ተነሥተናል። በዓመቱ ተመልሰን ከተከልነው ስንቱ ጸደቀ ብለን አልቆጠርንም። ይህ የሌላ ሰው ጥፋት ነው አንልም፤ የራሳችን ነው። ጥያቄው ያልተማርነው ትምህርት ነበረና።

አሁን ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በውጭ አገር አረንጓዴ ፓርቲዎች ወጣት ክንፍ እንዳላቸው ወረቀቱ በኩራት ጠቅሷል፤ እንዴት እንደሚኖሩ ግን አልነገረንም። ስለዚህ እኛ አንዱን ጠጋ ብለን እንመልከት። የጀርመን አረንጓዴዎች ፓርቲያቸውን እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1980 ካርልስሩኸ በተባለች ከተማ መሠረቱ። መሥራቾቹ ከኑክሌር ኃይልና ከሚሳይል ተቃውሞ ሰልፍ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1983 ከመራጩ 5.6 በመቶ ድምፅ አግኝተው ምክር ቤት ገቡ። የወጣት ድርጅታቸው ግን ከፓርቲው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐኖቨር ላይ ወጣቶች ራሳቸው ተሰብስበው አቋቋሙት። ዓርማው ጃርት ነው። (ከቅጠል ይልቅ እሾህ መምረጣቸው ለእኛ ወረቀት አዘጋጆች ሳያስተምር አይቀርም።) የፓርቲው አባል ያልሆነ ሰው የወጣት ድርጅቱ አባል መሆን ይችላል። መሪዎቹን የሚመርጠው የራሱ ጉባኤ ነው፤ ፓርቲው አይሾምለትም።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው፤ ፈተናው የመጣው ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ ነው። አረንጓዴዎቹ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከሌሎች ሁለት ፓርቲዎች ጋር መንግሥት መሠረቱ፤ የኢኮኖሚ ሚኒስትሩም የእነርሱ ሰው ሮበርት ሐቤክ ሆነ። በጥቅምት 2022 ሚኒስትሩ አር ደብሊው ኢ ከተባለው የኃይል ኩባንያ ጋር ውል አደረገ። በውሉ መሠረት በምዕራብ ጀርመን በራይን አካባቢ የድንጋይ ከሰል ማቃጠል የሚያበቃበት ዘመን ከ2038 ወደ 2030 ዝቅ አለ፤ በለውጡ ደግሞ ሉትሰራት የተባለች መንደር ፈርሳ ከሥሯ ያለው ከሰል እንዲወጣ ተፈቀደ። ፓርቲው ስምንት ዓመት አተረፍን አለ። ወጣቶቹ ከመንደሪቱ ሥር የሚወጣው ከሰል ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም ብለው ጠየቁ። በዚያው ወር ቦን ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ መንደሪቱ እንዳትፈርስ አሳብ አቀረቡ፤ ክርክሩ ጦፎ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። በጥር 2023 ፖሊስ መንደሪቱን ሲያስለቅቅ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው በጭቃው ላይ ተሰልፎ ነበር፤ የወጣት ድርጅቱ መሪዎችም የራሳቸው ፓርቲ የተስማማበትን ውሳኔ በመቃወም ከሰልፈኛው ጋር ቆሙ። ማንም ከድርጅታቸው አላባረራቸውም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በምሥራቅ ጀርመን ክፍለ ሀገሮች በተደረጉት ምርጫዎች ፓርቲው ክፉኛ ተሸነፈ። በመስከረም 25 ሁለቱ የፓርቲው መሪዎች ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ከሁለቱ አንዷ ሪካርዳ ላንግ ከ2017 እስከ 2019 የዚሁ የወጣት ድርጅት መሪ የነበረች ናት። በዚያው ቀን ምሽት የወጣት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴ አሥር አባላት በሙሉ ፓርቲውን ጥለው እንደሚወጡ አሳወቁ። ምክንያታቸው በአጭሩ ይህ ነበር፦ ፓርቲው የኪራይና የኑሮ ዋጋ ያጎበጠውን ሰው ረስቷል፤ ለድኻው የማይቆም የአካባቢ ፖለቲካ ድኻውን ጠላቱ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ በማደሪያችን ሁለት ሌሊት ተከራክረናል። ግማሾቻችን ጀግኖች ናቸው አልን፤ ግማሾቻችን ቤቱን ለሌላው ትተው የወጡ የዋሆች ናቸው አልን። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ አሥር ሰው ከወጣ በኋላ በውስጥ የሚከራከር ይቀንሳልና። ነገር ግን በአንድ ነገር ሁላችንም ተስማማን። በሚቀጥለው ወር ላይፕሲግ ላይ የድርጅቱ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሌሎች መሪዎች መረጠ፤ ሥራውን ቀጠለ። መሪው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲሄድ ድርጅቱ አልፈረሰም። ከአኢወማ ጋር አስተያዩት።

ጀርመን ሀብታም አገር ናት፣ ከእኛ ጋር አትመዘንም የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ከቅርባችን እናምጣ። በኬንያ ወንጋሪ ማታይ አረንጓዴ መቀነት የተባለውን የዛፍ ተከላ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀምሩ ከገጠር ሴቶች ጋር ነበር። በ1999 በናይሮቢ ዳር ያለው የካሩራ ጫካ ለባለሥልጣናት ወዳጆች ተቈራርሶ በተሰጠ ጊዜ ችግኝ ይዘው ሊተክሉ ሄደው ተደበደቡ፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው ሰልፍ ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። ጫካው ዛሬም አለ። ልብ በሉ፤ እዚያም የተያዘው ችግኝ ነው። ግን ያ ችግኝ የተተከለው ባለሥልጣን ባዘዘው ቦታ ሳይሆን ባለሥልጣን በከለከለው ቦታ ነበር። በሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የአረንጓዴዎች ፓርቲ ምክትል መሪ አንድሬ ካግዋ ርዊሴሬካ በሐምሌ 2010 ተገድለው ተገኙ፤ ፓርቲው እስከ 2013 አልተመዘገበም፤ በ2018 ሁለት የምክር ቤት ወንበር አገኘ። እንግዲህ ቅጠል የተሣለበት ወረቀት ላይ መፈረም የአትክልተኝነት ማኅበር መግባት የሚመስለው ካለ ይህን ይወቅ።

ከናይሮቢም ከኪጋሊም ይልቅ የሚያሳስበን ግን የገዛ ደጃችን ነው። ወረቀቱ ስለ ደንቆሮ ጫካ ሦስት መስመር ጽፏል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ማለት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እንዳለበት፣ አስታና ጅብራ እንደሚበቅልበት ገልጾ፣ የወጣቱ ክንፍ «ከሕገ ወጥ ጨፍጫፊዎች ይጠብቀዋል» ይላል። ጥሩ፤ ጨፍጫፊው ማነው?

ከእኛ መካከል አንዱ ያደገው ከአንድ የተከለለ ጫካ ጥግ ነው፤ የየትኛው እንደሆነ እንዳንጽፍ ለምኖናል። አባቱ ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው። ወንድማማቾቹ አራት ናቸው። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው ለመጨረሻ ጊዜ በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ከዚያ በኋላ ተወለደ። ስለሆነም መሬት የለውም፤ የሚያገኝበትም ቀን በምንም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ሌሊት ተነሥቶ አስታ ቈርጦ በአህያ ጭኖ ሲነጋ ገበያ ያደርሳል። አንድ ጊዜ ተያዘ፤ የያዘው ስካውት የአክስቱ ልጅ ነበር። ሁለቱም አለቀሱ ይላል ጓደኛችን። አንዱ ደመወዙ ይቋረጥብኛል ብሎ፣ ሌላው አህያው ይወረስብኛል ብሎ። ማገዶውን ማን ይገዛው ነበር? ከተማው ነዋ! እኛ በየሻይ ቤቱ ተቀምጠን ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ስንከራከር ሻዩ በምን እንደሚፈላ የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ አረንጓዴው የወጣት ክንፍ ይህን ልጅ ከማን ወገን ሊያቆመው ነው? በወረቀቱ መሠረት ከጠላት ወገን ነው። እኛ የምንለው ግን የክንፉ የመጀመሪያ አባል እርሱ መሆን አለበት ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ ጥያቄው ስለ ገባር ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መልስ አገኘ። የዛሬው ጥያቄ ከሽግሽጉ በኋላ የተወለደው ምን ይብላ የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ፓርቲ ጫካ አይጠብቅም፤ ቢበዛ የጥበቃ ብዛት ይጨምራል። ጥበቃውም ከዚያው ከመሬት አልባው ቤት የወጣ ልጅ ነው።

መልሱ ከየት ይመጣል ብትሉን፣ ቢያንስ ከምን መጀመር እንዳለበት እናውቃለን። ማገዶ ይቀድማል። በአገራችን ደጋ እኅቶቻችንና እናቶቻችን ኩበት ጠፍጥፈው ያነዳሉ፤ ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ነበር። ስለዚህ የማገዶ ነገር የአፈር ነገር ነው፤ የአፈር ነገር የእህል ነገር ነው። ባሕር ዛፍንም እንዲሁ በደፈናው መርገም የተማረ ሰው ፋሽን ሆኗል። ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፤ ይህ አይካድም። ግን ገበሬው ለምን ይተክለዋል? የእርሱ ስለሆነ ነው። ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ ቈርጦ ይሸጠዋል። በዘመቻ የተተከለው ችግኝ በበጋ ሲደርቅ የገበሬው ባሕር ዛፍ በዚያው በጋ ለምልሞ ይታያል። ባለቤት ያለው ዛፍ ውሃ የሚያጠጣው፣ ከከብት የሚያጥርለት ሰው አለውና። ኮሶና ወይራ እንዲህ ባለቤት ቢኖራቸው ምን ይሆኑ ነበር?

የጋራ ባለቤትነትም ከባዕድ የሚመጣ አይደለም። ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመንዝ የጓሣ ሣር ለብዙ ዘመን የተጠበቀው ሕዝቡ ራሱ በሠራው ሕግ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ተዳከመ፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በወሎ ደግሞ ቅሬ አለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በቅሬው ይቀብራል፣ በቅሬው ይመክራል፣ በቅሬው ያስታርቃል። የወጣቱ ክንፍ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ከቅሬ ሽማግሌዎች እግር ሥር ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ስለ ቅሬ አንድ ቃል የለውም፤ ስለ ባንዲራው ቀለም ግን ግማሽ ገጽ አለው።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ንኡስ አንቀጽ 3 ላይ፣ የአካባቢ ደኅንነት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ አሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት ይላል። እንዲተክል መደረግ አለበት አይልም፤ አሳቡን እንዲገልጽ ነው የሚለው። እርከን የት ይሠራ፣ የትኛው ተራራ ይከለል፣ የትኛው ለግጦሽ ይቅር ተብሎ የአባቶቻችንን አሳብ የጠየቀ ሰው ባልነበረበት ቀን ሁሉ ይህ አንቀጽ ተጥሷል። የጫካችን ስም ደንቆሮ መሆኑ ያሳዝነናል፤ የማይሰማው እርሱ አይደለምና።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ዘለን ልናልፈው አንችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን በጦርነት ላይ ከርሟል፤ ሰው በሞተበት፣ ትምህርት በተቋረጠበት ዘመን ስለ ዛፍና ስለ ፓርቲ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ከእነዚህ መካከል ወንድሙን የቀበረ ስላለ ቃላችንን መጥነን እንናገራለን። መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ ከተማ ሁሉ ወደ ማገዶ ይዞራል። ሥራ ያጣ ወጣትም ሁለት በር ነው ያለው፤ አንዱ ወደ ጫካው በምሳር መግባት ነው፣ ሌላውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መሬትና ማገዶ ከጦርነቱ የተለዩ ነገሮች ሆነው አይታዩንም። ደግሞም የእኛን ቦታ የያዙ ተማሪዎች ቀድመውን ተፈትነዋል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገብቶ ሹማምንቱ ዝም ባሉበት ሰዓት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ለትርኢት አቀረቡ፤ ተማሪውም ጉዳዩን ይዞ ተነሣ። የፓርቲ ክንፍ አልነበሩም። ያዩትን ተናገሩ፤ ማንም ተናገሩ አላላቸውም።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1162 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10,000፣ ክልላዊ ለማቋቋም 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። በማደሪያችን አሥራ አንድ ተገኝተዋል። መንገዱ ረጅም ነውና ለማስተካከል ጊዜ አለ፤ ለዚህም ነው በቅን ልቡና የምንናገረው። እኛ የምንፈርመው የሚከተለው ሲጨመር ነው። ወጣቱ መሪዎቹን በራሱ ጉባኤ ይምረጥ፤ ፓርቲው መሻር አይችል። የፓርቲው አባል ያልሆነም ይግባ፤ በተለይ የፓርቲ ስም ሲጠራ የሚሸሸው የገጠር ወጣት በሩ ክፍት ሆኖ ያግኘው። የሒሳብ መዝገቡን ራሱ ይያዝ፤ ድኻ መዝገብ ቢሆንም የራሱ ይሁን። ፓርቲው በወሰነው ነገር ላይ ወጣቱ ተቃውሞ ካለው ተቃውሞው ሳይቈረጥ በፓርቲው ጋዜጣ ላይ ይታተም። የተተከለ ችግኝ በተተከለበት ቀን አይቈጠር፤ በሦስተኛው ዓመት ይቈጠር፣ የቈጠረውም ሰው ስሙ ይጻፍ። ስለ መሬት አልባው ወጣት የሚናገረው አንቀጽም ከባንዲራው ቀለም በፊት ይምጣ።

ይህን ለአዘጋጆቹ ነግረናቸው ነበር። አንዱ በመልካም ፈገግታ «መጀመሪያ ይመሥረት፣ ኋላ ይታረማል» አለን። እርሱ የምንወደው ጓደኛችን ነው፤ ሲናገርም ከልቡ ነበር። አኢወማን ያቋቋሙትም ከልባቸው የነበሩ ልጆች ሳይኖሩባቸው አልቀረም።

ወረቀቱን ትናንት ማታ ለባለቤቶቹ መለስን። በአሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ በዚያው በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ግሦች አሉ፦ ይጠይቃል፣ ይቃወማል፣ ይቈጥራል። የፊርማውን ቦታ ባዶ ትተነዋል።